ግማሽ ሊትር ባሕር

ባሕር ውስጥ ምን እንደሚኖር ለማወቅ ሰው ለረጅም ዘመን የሚያውቀው መንገድ ማውጣት ነበር። ቻሌንጀር የተባለችው የእንግሊዝ መርከብ እ.ኤ.አ. ከ1872 እስከ 1876 ዓለምን ስትዞር መረቧን ወደ ጥልቁ እየጣለች፣ የወጣውን አልኮል ውስጥ እየነከረች፣ ሳይንስ የማያውቃቸውን 4,700 ያህል ዝርያዎች ይዛ ተመለሰች። ትልቅ ጉዞ ነው፣ አይካድም። እኔ ግን ስለዚህ ጉዞ ሳነብ ሐሳቤ የሚሄደው ወደ ብልቃጦቹ ነው። እነዚያ ፍጥረታት ለመታወቅ መሞት ነበረባቸው።

ይህን የለወጠው ሐሳብ የመጣው ከየብስ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 ኤስኬ ዊለርስሌቭና ባልደረቦቹ ከሳይቤሪያ የቀዘቀዘ አፈር የማሞዝ ዲኤንኤ አወጡ፤ አጥንት የለ፣ ጥርስ የለ፣ አፈር ብቻ። እንስሳ በሄደበት ሁሉ የቆዳ ቅርፊት፣ ንፍጥና እዳሪ ይጥላል፤ በዚያ ውስጥ ደግሞ ዲኤንኤው አለ። በ2008 ፈረንሳይ ውስጥ አንድ ባዕድ የአሜሪካ እንቁራሪት መኖሩ በኩሬ ውኃ ብቻ ታወቀ።

ኩሬስ እሺ። ያን የሚያህል ባሕርስ?

በ2012 በፊሊፕ ቶምሰን የተመራ የዴንማርክ ቡድን ከኤልሲኖር አጠገብ ውኃ ቀዳ። (አዎ፣ የሐምሌቱ ኤልሲኖር፤ ጸጋዬ ገብረ መድኅን ወደ አማርኛ የመለሰው።) እያንዳንዱ ናሙና ግማሽ ሊትር ነው። ውኃውን አጣሩት፣ የዓሣ ዲኤንኤ ቁራጮችን አባዙ፣ ከታወቁ ዝርያዎች መዝገብ ጋር አስተያዩ። 15 የዓሣ ዝርያዎች ተገኙ። መረብን ጨምሮ ከዘጠኝ የተለመዱ ዘዴዎች ጋር ሲወዳደር ውኃው ከአንዳቸውም አላነሰም።

እዚህ ላይ ማጨብጨብ ያምራል፤ ግን ቆይ። በ2014 ካሊፎርኒያ ውስጥ፣ በሞንተሬይ ቤይ አኳሪየም ትልቅ ገንዳ ላይ የተደረገ ሙከራ ውጤት ታተመ። ገንዳው ውስጥ ማን እንዳለ አስቀድሞ ይታወቃል፤ መልሱ በእጅ ያለ ፈተና ማለት ነው። ውኃው አብዛኞቹን አጥንታም ዓሦች ለየ። ሜንሃደን የሚባል፣ እዚያ የማይኖር ዓሣም ጨመረ፤ ለካ ለሌሎቹ የሚሰጠው ቀለብ ነበር። ሻርኮቹንና የባሕር ኤሊውን ደግሞ ጭራሽ አላያቸውም፤ ዲኤንኤውን ለማባዛት የተጠቀሙበት ኬሚካላዊ ቁልፍ ለአጥንታም ዓሦች የሚስማማ ነበርና።

ለእኔ የዚህ ታሪክ ዋና ገጽ ይህ ነው። ነገ አንዱ ወደብ ሊሠራ ተነሥቶ «ውኃውን መርምረናል፣ ኤሊ አልተገኘም» ቢል፣ መጀመሪያ የሚጠየቀው በየትኛው ቁልፍ ፈለጋችሁ የሚለው ነው። ሁለተኛው፦ መቼ? በባሕር ውኃ ውስጥ ይህ ዱካ በቀናት ውስጥ ይጠፋል።

ትክክለኛው ቁልፍ ሲገኝ ግን ሻርክም አይሰወርም። ኳታር፣ አል ሻሂን በሚባለው የባሕር ላይ ነዳጅ ማውጫ ዙሪያ ዌል ሻርኮች ይሰበሰባሉ፤ በዓለም ትልቁ ዓሣ ናቸው። በ2016 የታተመ ጥናት ከዚያ ከተቀዳ ውኃ የሻርኮቹን የዘር ስብጥር አነበበ፤ ከአካላቸው የተወሰደው የቆዳ ናሙና ከሚናገረው ጋርም ተቀራረበ። የሻርኩ ዱካ በበዛበት ውኃ የአንድ የቱና ዝርያ ዱካም ይበዛ ነበር። ሻርኮቹ እዚያ የሚመጡት የዚያን ቱና እንቁላል ሊበሉ ነው።