የሰማዩን ሚዛን ማን ይፈትሸው?

በ2019 አንድ ጥናት ወጣ (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከዓለም የሐሩር ክልሎች በ2015 እና 2016 ወደ አየር የወጣው ካርቦን በአብዛኛው የመጣው ከአፍሪካ ነው ይላል። በስም ከተጠቀሱት ቦታዎች አንዱ ምዕራብ ኢትዮጵያ ነው። ማስረጃው የሁለት ሳተላይቶች መረጃ ነበር። እሺ፣ ሳተላይት ይህን በምን አወቀች? ልክ መሆኗንስ ማን አየላት?

ነገሩ የሚጀምረው ከመሬት ነው። ቻርልስ ኪሊንግ በ1958 ሃዋይ ውስጥ፣ ማውና ሎአ ተራራ ላይ አየር እየሳበ መለካት ጀመረ። የመጀመሪያው ውጤት ከሚሊዮን 313 ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነበር። መሣሪያውን መጠኑ በታወቀ ጋዝ እየፈተሸ ስለሚሠራ ቁጥሩ ይታመናል።

ሳተላይት ግን አየሩን አትነካውም። ከመሬት ነጥሮ የሚመለሰውን የፀሐይ ብርሃን ታያለች፤ ጋዙ ከብርሃኑ ምን ያህል እንደዋጠ አይታ መጠኑን ታሰላለች። አቧራና ስስ ደመና ስሌቱን ያዛቡታል። የሚፈለገው ልዩነት ደግሞ ከ400 ውስጥ አንድ ወይም ሁለት ብቻ ነው!

በጥር 2009 ጃፓን ኢቡኪን አመጠቀች። በወሩ አሜሪካ ኦሲኦን ስታመጥቅ ሳተላይቷን የሸፈነው ክዳን አልላቀቅ አለ፤ የዓመታት ልፋት አንታርክቲካ አጠገብ ባሕር ገባ። ጃፓኖቹ ምን አደረጉ? ባዶ እጃቸውን የቀሩትን አሜሪካውያን «ኑ፣ በኛ መረጃ አብረን እንሥራ» አሏቸው። በዚያው ዓመት ሁለቱ ቡድኖች ኔቫዳ ውስጥ ሬይልሮድ ቫሊ በሚባል ደረቅ ሜዳ ተገናኝተው፣ ኢቡኪ ከላይ ስታልፍ እነሱ ከታች ለኩ።

በአሜሪካኖቹ ስሌት የመጀመሪያዎቹ የኢቡኪ ቁጥሮች ከእውነተኛው 2 በመቶ ያህል አንሰው ተገኙ። 2 በመቶ ምን አላት እንዳትሉ፤ ከሚፈለገው ልዩነት በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ስሕተቱን ያጋለጡት ቲኮን የሚባለው መረብ ጣቢያዎች ናቸው። የመጀመሪያው በ2004 ዊስኮንሲን፣ ፓርክ ፎልስ ላይ ቆመ። መሣሪያዎቹ ፀሐይን በቀጥታ እያዩ ይለካሉ፤ እነሱም በተራቸው በአውሮፕላን ይፈተሻሉ። ከስሕተቱ ምክንያቶች አንዱ ኦክስጅን ብርሃንን የሚውጥበት መጠን በደንብ አለመታወቁ ነበር። ስሌቱ ታረመ። በሐምሌ 2014 የመጠቀችው ኦሲኦ-2 ደግሞ ወደነዚህ ጣቢያዎች እየዞረች ራሷን እንድትፈትሽ ተደርጋ ተሠራች።

አሁን ወደ ራሳችን ጉዳይ እንመለስ። በ2023 ሌሎች ተመራማሪዎች የሳተላይቱን ቁጥር ከ2016 እስከ 2018 አትላንቲክ ላይ በአውሮፕላን ከተሰበሰበ መረጃ ጋር አስተያዩት። ሐሩራማው አፍሪካ የሚያወጣውና የሚስበው ካርቦን ተቀራራቢ ሆኖ አገኙት። የቀድሞው ቁጥር የተጋነነው በሳተላይቷ ልኬት መዛባት ሳይሆን አይቀርም።

ይህ ማለት ደናችን ደህና ነው፣ ሳተላይትም ውሸታም ናት ማለት አይደለም። የ2 በመቶው ስሕተት ቶሎ የተገኘው ዊስኮንሲን ውስጥ የሚፈትሽ ስለነበረ ነው። የኛው ግን ዓመታት ጠብቆ፣ ያውም ውቅያኖስ ላይ በበረረ አውሮፕላን ታየ። ነገ የካርቦን ዕዳና ክፍያ በእነዚህ ቁጥሮች ሲሰላ «ሚዛኑ ተሳስቷል» ለማለት የራስ መለኪያ ያስፈልጋል። እሱ ደግሞ የሚተከለው እዚሁ መሬት ላይ ነው።