የጋማ ጨረር ፍንዳታዎች አሰሳ ታሪክ

የጋማ ጨረር ፍንዳታዎች የተገኙት ለሌላ ዓላማ በመጠቁ ሳተላይቶች ነው። አሜሪካ በ1963 እ.ኤ.አ. የተፈረመው የኑክሌር ሙከራ እገዳ ስምምነት መከበሩን ለመቆጣጠር ቬላ የተባሉ ሳተላይቶችን አሰማራች። ሳተላይቶቹ ጁላይ 2 ቀን 1967 የኑክሌር ፍንዳታ የማይመስል የጋማ ጨረር ብልጭታ መዘገቡ። በሎስ አላሞስ ቤተ ሙከራ ሬይ ክሌቤሳዴልና ባልደረቦቹ ጨረሩ ለየሳተላይቱ የደረሰበትን የጊዜ ልዩነት አስልተው፣ የእንዲህ ያሉ ብልጭታዎች ምንጭ ምድርም ፀሐይም አለመሆናቸውን አረጋገጡ። በ1973 ስለ 16 ፍንዳታዎች ጽሑፍ አሳተሙ።

ርቀታቸው ግን ለዓመታት አከራካሪ ሆኖ ቆየ። በ1991 የመጠቀው ኮምፕተን የጠፈር ቴሌስኮፕ ከ2,700 በላይ ፍንዳታዎችን መዝግቦ በመላው ሰማይ እኩል መሰራጨታቸውን አሳየ፤ ይህም ከጋላክሲያችን ውጭ እንደሚመጡ ጠቆመ።

ወሳኙ እርምጃ የተወሰደው ፌብሩዋሪ 28 ቀን 1997 ነው። የጣሊያንና የኔዘርላንድስ ሳተላይት ቤፖሳክስ ፍንዳታ ባየ በ8 ሰዓት ገደማ የኤክስሬይ ቴሌስኮፖቹን ወደ ስፍራው አዙሮ እየደበዘዘ የሚሄድ ድኅረ ፍካት አገኘ። በላ ፓልማ ደሴት የሚገኘው የዊልያም ኸርሸል ቴሌስኮፕም በዓይን የሚታየውን የብርሃን ክፍል ቀረጸ። በዚያው ዓመት ሜይ ወር በሃዋይ የሚገኘው የኬክ ቴሌስኮፕ የሌላ ፍንዳታን ድኅረ ፍካት መርምሮ፣ ምንጩ በቢሊዮን በሚቆጠሩ የብርሃን ዓመታት እንደሚርቅ አሳየ።

በ2004 የመጠቀው ስዊፍት ሳተላይት ፍንዳታ ሲያይ በራሱ ተሽከርክሮ አንድ ሁለት ደቂቃ በማይሞላ ጊዜ ድኅረ ፍካቱን መመልከት ይጀምራል። ረዘም ላለ ጊዜ የሚቆዩት ፍንዳታዎች በአብዛኛው የግዙፍ ከዋክብት መፈራረስ ውጤት መሆናቸው ታውቋል። ኦገስት 17 ቀን 2017 ደግሞ ፌርሚ ቴሌስኮፕ ከኒውትሮን ከዋክብት ውህደት የመጣ የስበት ሞገድ ከተመዘገበ ከ1.7 ሰከንድ በኋላ አጭር ፍንዳታ መዝግቦ፣ እንዲህ ያለ ውህደት አጫጭር ፍንዳታዎችን እንደሚፈጥር አረጋገጠ።