የተቃጠለ አምፖል ዜሮ ይላል

በ1965 እ.ኤ.አ. ዲጂታል ኢኩዊፕመንት ኮርፖሬሽን ፒዲፒ-8 የተባለውን ኮምፒውተር በ18,000 ዶላር ለገበያ አቀረበ። ለዚያ ዘመን ርካሽ ነበር። የውስጡን የሚነግሯችሁ ፊቱ ላይ የተደረደሩ ትንንሽ አምፖሎች ናቸው፦ የበራ አንድ፣ የጠፋ ዜሮ። 12ቱን በሦስት በሦስት ከፍላችሁ ስታነቡ አራት አኃዝ ይወጣል።

አንዱን ስጠግን በማብሪያዎቹ 0200 የሚለውን አድራሻ አስገባሁ፤ ብዙ ፕሮግራሞች የሚጀምሩት ከዚያ ነው። ለ0200 መብራት ያለበት አንድ አምፖል ብቻ ነው። እኔ ጋ ግን ምንም የለም፣ ጭልም! ሁለት ቅዳሜ ሙሉ ሽቦና ሰርኪት ስበረብር ከረምኩ። በመጨረሻ ተስፋ ቆርጬ ፕሮግራሙን ሳስነሳው ሠራ። ማሽኑ ጤነኛ ነው፤ የተቃጠለው አምፖሉ ነበር።

«ኤልኢዲ አድርግበትና ተገላገል» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ ኤልኢዲ ዕድሜው ረጅም ነው፣ የሚፈጀው ኤሌክትሪክም ትንሽ ነው። የድሮው አምፖል ግን ክሩ እስኪግልና እስኪበርድ ጊዜ ይወስዳል። ስለዚህ ፕሮግራሙ ሲሮጥ አንዱ ደመቅ፣ ሌላው ፈዘዝ ይላል። የለመደ ሰው ማሽኑ ምን እየሠራ እንደሆነ ከዚያ ይገምት ነበር። ኤልኢዲ ወዲያው ይበራል፣ ወዲያው ይጠፋል፤ ያ መልክ አብሮት ይሄዳል።

አምፖሉን በአምፖል ተካሁት። ነገ ሌላው እንደሚቃጠል አውቃለሁ። ቢያንስ አሁን ጨለማ ሳይ መጀመሪያ የምጠረጥረው አምፖሉን ነው።