ካንዴላ፦ ስሙን ከጣሊያን ወረስን፣ ቁጥሩንስ?

ጅማም ሆነ አጋሮ፣ ሊሙ ገነትም ሆነ በደሌ፣ አንዱ የመለዋወጫ ሱቅ ገብታችሁ ‹‹ስፓርክ ፕላግ አለ?›› ብትሉ ባለሱቁ ከውጭ የመጣችሁ ሊመስለው ይችላል። ‹‹ካንዴላ›› ካላችሁ ግን ነገሩ አለቀ። ቀጥሎ ‹‹የምን መኪና?›› ይላችኋል። ከዚያ ሁለት ሦስት ዓይነት ካርቶን መደርደሪያው ላይ ያሰልፍና ‹‹የትኛውን ልስጥህ?›› ይላል። ይሄኔ አብዛኞቻችን ዝም እንላለን። ከዝምታው በኋላ የምንጠይቀው ጥያቄ ደግሞ ይታወቃል… ‹‹ዋጋው ስንት ነው?››

ይህ ጽሑፍ ስለዚያች ዝምታ ነው። ዝምታዋ ታሪክ አላት። ካንዴላ የሚለውን ቃል ያመጣብን ዘመን ዕቃውንም፣ መንገዱንም፣ ጋራዡንም አምጥቷል። ዕቃው ላይ የተጻፈው ፊደልና ቁጥር ምን ማለት እንደሆነ ግን ለጥቂት መካኒኮች ብቻ ቀረ። እነሱም ከአፍ ወደ አፍ አስተላለፉት። የቀረነው ስሙን ይዘን ቁጥሩን ሳናነብ ሰማንያ ምናምን ዓመት ነዳን።

ሻማ ሳለን ካንዴላ ለምን አልን?

ካንዴላ በጣሊያንኛ ሻማ ማለት ነው። ጣሊያኖች ብቻ አይደሉም እንዲህ የሚሉት። ፈረንሳዮች ‹‹ቡዢ››፣ ጀርመኖች ‹‹ኬርዘ››፣ ዓረቦች ‹‹ሸምዓ›› ይሉታል። ሁሉም ሻማ ነው። እንግሊዞች ብቻ ‹‹ውታፍ›› ብለውት አረፉ (ፕላግ ማለት ሌላ ምንድን ነው?)። እኛ የራሳችን ሻማ እያለን፣ ያውም የዓረቡ ሸምዓ ዘመድ የሆነ ቃል እያለን፣ የሞተሩን ሻማ በጣሊያንኛ ጠራነው። ምክንያቱ ቀላል ነው። ዕቃን ያመጣ ስም ያወጣል።

ዕቃው ራሱ ከዚያ ቀድሞ ተወልዷል። ቤልጂግ የተወለደው ኤትየን ለኗር በ1860 እ.ኤ.አ. ፓሪስ ላይ በሠራው የጋዝ ሞተር ውስጥ በኤሌክትሪክ ብልጭታ ጋዝ አቀጣጥሏል። ዛሬ የምናውቀው ዓይነት ካንዴላ ገበያ ላይ የጸናው ግን በ1902 እ.ኤ.አ. የቦሽ መሐንዲስ የነበረው ጎትሎብ ሆኖልድ ከፍተኛ ቮልት የሚሰጥ ማግኔቶ ከካንዴላ ጋር አጣምሮ ሲያቀርብ ነው። አምስት ስድስት ዓመት አለፈና ቤንትሊ የተባለ እንግሊዛዊ ለዐፄ ምኒልክ መኪና ይዞ አዲስ አበባ ገባ፤ ጊዜው በእኛ 1900 ዓ.ም ገደማ ነው። ስለዚህ ካንዴላ ወደ አገራችን የገባው ዓለም ላይ ገና ትኩስ ሳለ ነው። ቃሉን ከሕዝብ አፍ ያስገባው ግን ሌላ ዘመን ነው።

አምስት ዓመት፣ አንድ መንገድ፣ ስንት ቃል

ከመኪና በፊት የጅማ ቡና በበቅሎ ነበር የሚጓዘው። የአባ ጅፋር ጅማ የሂርማታ ገበያ ከየአቅጣጫው ነጋዴ የሚጎርፍበት ነበር። ከዚያ ወደ አዲስ አበባ የሚወጣው ጭነት ግን ቁልቁል ወደ ጊቤ፣ ሽቅብ ከጊቤ፣ በእንስሳ ጀርባ ነበር የሚሄደው።

ጣሊያን በ1929 ዓ.ም ጅማን ያዘ። ከተማዋን የደቡብ ምዕራብ ግዛቱ መቀመጫ አደረጋት፤ ሰፈር ቀየሰ፣ ሕንፃ አቆመ፣ ከአዲስ አበባ ጋር የሚያገናኛትን የመኪና መንገድ ሠራ። ያ መንገድ በደግነት የተሠራ አይደለም። ወታደርና ስንቅ ለማመላለስ፣ ቡናውንም ለመውሰድ ነው። በሰኔ 1933 ዓ.ም ጅማ ነጻ ስትወጣ ወራሪው ሄደ፣ መንገዱ ቀረ። ቃላቱም ቀሩ። ከተሸነፉት ጣሊያኖች መካከል በሙያቸው ሠርተው እዚሁ የቀሩ መካኒኮች ነበሩ፤ ከአሥመራ ወርክሾፖች ተምረው የመጡ ልጆችም ተጨመሩ። የጋራዥ ቋንቋችን በእነዚህ ሰዎች እጅ ተቦካ።

እስቲ ጆሯችሁን ወደ አንድ ጋራዥ ጣል አድርጉ። ማርሽ፣ ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ጎማ፣ ካላማዳሪ፣ ቸርኬ፣ ባሌስትራ፣ ሞተሪኖ፣ ማርሚታ፣ ቴስታታ፣ ኩሽኔታ፣ ቡሎን፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ… ሁሉም ጣሊያንኛ። ታርጋውም ቦሎውም እንደዚያው። ወራሪውን አስወጣነው፤ መዝገበ ቃላቱን ግን ቀማነው ማለት ይቻላል። (እንደ ምርኮ ከቆጠርነው አያሳፍርም!)

አንድ የሚገርም ነገር ግን እዚህ ላይ አለ። የጅማን ቡና በብዛት የተሸከሙት መኪኖች ካንዴላ የላቸውም! ጣሊያኖቹ ‹‹ትሬንታ ኳትሮ›› የሚሉት ፊያት 634 የናፍታ ሞተር ነበረው። ከጦርነቱ በኋላ የመጣውና እኛ ‹‹ኤንትሬ›› ያልነው ፊያት 682 ናፍታ ነው። እሱን የተካው ኢሱዙም ናፍታ ነው። ናፍታ ሞተር አየሩን አጥብቆ በመጭመቅ ስለሚያግለው ነዳጁ በዚያ ሙቀት ብቻ ይቀጣጠላል። አንዳንዱ ሞተር ጠዋት ለማስነሳት የሚሞቅ ዘንግ አለው፤ ጣሊያኖች እሱን ‹‹ካንዴሌታ››፣ ትንሿ ሻማ ይሉታል። ብልጭታ ግን የለውም።

ስለዚህ በጅማና በዙሪያዋ ካንዴላ የቡናው ሳይሆን የሰው ጉዳይ ሆኖ ነው የኖረው። በጭቃ መንገድ ሰው ያመላለሰው የቤንዚን ላንድሮቨር፣ የአስተማሪው ቮልስ፣ የሙሽራው መኪና፣ ዛሬ ደግሞ ከጅማ አደባባይ እስከ አጋሮ ጠባብ መንገድ የሚርመሰመሰው ባጃጅ… እነዚህ ናቸው ካንዴላ የሚበሉት። ካንዴላ ሲሳሳት የሚከስረው ባለጭነቱ ሳይሆን የዕለት ገቢ ለቃሚው ነው።

የላዳዋ እንቆቅልሽ

አሁን ወደ ቁጥሩ እንግባ። ነገሩን ለማየት ከላዳ የተሻለ ምሳሌ የለም። ላዳ ራሷ የጣሊያን የልጅ ልጅ ናት፤ ሶቪየቶች ፊያት 124ን መነሻ አድርገው ቶሊያቲ ከተማ ላይ ከ1970 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሠሯት መኪና ናት። በደርግ ዘመን ወደኛ መጣችና ታክሲ ሆነች። ጣሊያን በሞስኮ በኩል ዞሮ መጣ በሉት።

ለላዳ የሚሆነው የሩሲያው ካንዴላ ላይ የተጻፈው ቁጥር 17 ነው። ለዚያው ሞተር የሚመጥነው የጃፓኑ ኤንጂኬ ላይ ያለው ቁጥር 6 ነው። የጀርመኑ ቦሽ ላይ ደግሞ 7። አሥራ ሰባት፣ ስድስት፣ ሰባት! ሦስቱም አንድ ዓይነት ሥራ የሚሠሩ ካንዴላዎች ናቸው። ‹‹ቁጥሩ ከፍ ያለው ይበረታል›› ብሎ የሚገዛ ሰው እዚህ ላይ ጉድ ይሆናል።

ቁጥሩ የጉልበት አይደለም፣ የሙቀት ደረጃ ነው። የካንዴላ ጫፍ ሲሠራ ከ450 ወይም 500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ከሆነ ጥላሸቱን አቃጥሎ ራሱን ማጽዳት አይችልም፤ ይጠቁርና ብልጭታው ይጠፋል። ከ850 ዲግሪ ገደማ ካለፈ ደግሞ ጫፉ ራሱ ፍም ይሆንና ቤንዚኑን ከብልጭታው በፊት ያቀጣጥለዋል። ያኔ ፒስተን ይበሳል። ውስጡ ያለው ነጭ ሸክላ አፍንጫው ረጅም ከሆነ ሙቀቱ ቶሎ ወደ ቴስታታው አይሄድም፤ ‹‹ሞቃት ካንዴላ›› ይባላል። አጭር ከሆነ ሙቀቱን ቶሎ ያስተላልፋል፤ ‹‹ቀዝቃዛ›› ነው። ብልጭታው ራሱ አይሞቅም አይበርድምም።

መከራው ፋብሪካዎቹ አለመስማማታቸው ነው። በጃፓኖቹ ኤንጂኬና ዴንሶ፣ በሩሲያውም፣ ቁጥሩ ሲጨምር ካንዴላው ይቀዘቅዛል። በቦሽና በቻምፒዮን ግን ቁጥሩ ሲጨምር ይሞቃል። ስለዚህ ከአንዱ ፋብሪካ ወደ ሌላው ስትሸጋገሩ ቁጥሩን ከቁጥር ጋር ሳይሆን ከማዛመጃ ሰንጠረዡ ጋር ነው ማስተያየት።

በጊቤ በኩል የሚያልፍ ሞተር

‹‹ይሄ ሁሉ ለእኛ ምን ያደርጋል?›› የሚል ካለ መንገዱን ያስብ። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። ጅማ 1,750 ሜትር ገደማ። በመካከል ያለው የጊቤ ድልድይ ግን ወደ 1,100 ሜትር ይወርዳል። አዲስ አበባ ላይ ያለው አየር በባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው፤ ጅማ ላይ ደግሞ አራት አምስተኛ ያህል። በባሕር ጠረፍ ልክ የተስተካከለ ካርቦራተር ደጋ ላይ ሲወጣ አየሩ ሲሳሳ እሱ ቤንዚኑን ያንኑ ያህል ያፈሳል። ቤንዚን በዛ፣ አየር አነሰ፣ ካንዴላው ጠቆረ።

የጠቆረ ካንዴላ ያየ ሰው ‹‹ሞቃት ልሰርበት›› ብሎ ያስባል። ከተማ ውስጥ ይሠራለታልም። ከዚያ አንድ ቀን ቤተሰብ ጭኖ ወደ ጅማ ይነሳል። ጊቤ ቆላ ይወርዳል፤ ሙቀቱ ይጨምራል፣ አየሩ ይወፍራል፣ ከድልድዩ ወዲያ ወደ ሰኮሩ የሚወስደው ዳገት ይቆየዋል። ሞተሩ በሙሉ ጉልበቱ በሚታገልበት ሰዓት ያ ሞቃት ካንዴላ ፍም ይሆናል። የሚበሳው ፒስተን ከስንት ካንዴላ ዋጋ ጋር እንደሚተካከል እናንተው አስሉት።

መፍትሔው ካርቦራተሩን ማስተካከልና ካንዴላውን ፋብሪካው ባለው ቁጥር መተው ነው። ቤንዚን በኤሌክትሮኒክስ የሚረጩት አዳዲሶቹ መኪኖች አየሩን ራሳቸው እየለኩ ስለሚያስተካክሉ እዚያ ላይ ቁጥር የሚያስቀይር ምክንያት ከቶ የለም።

እንግዲህ ስንገዛ

በመጀመሪያ መጠኑ። ብዙዎቹ ካንዴላዎች ጥርሳቸው 14 ሚሊ ሜትር ነው፤ ርዝመታቸው ግን ይለያያል። የቮልስ 12.7 ሚሊ ሜትር ሲሆን የላዳና የብዙ ቶዮታዎች 19 ሚሊ ሜትር ነው። ረጅሙን ለአጭሩ ብትሰጡት ይገባል፤ ግን ከቴስታታው አልፎ ወጥቶ ፒስተን ወይም ቫልቭ ሊመታ ይችላል። አጭሩን ለረጅሙ ከሰጣችሁት ደግሞ ባዶ የቀረው ጥርስ ካርቦን ይሞላና በኋላ ትክክለኛው አልገባ ይላል። አሮጌውንና አዲሱን ጎን ለጎን አስተያዩ። ይሄ ነጻ ነው።

ሁለተኛ የሙቀት ቁጥሩ፤ ከላይ ብለነዋል። ሦስተኛ በጫፉ ያለው ክፍተት። በፕላቲን የሚነሱ የድሮ መኪኖች 0.6 ወይም 0.7 ሚሊ ሜትር፣ ኤሌክትሮኒክ የሆኑት እንደ ሞዴላቸው ከ0.8 እስከ 1.1 ሚሊ ሜትር ይፈልጋሉ። መለኪያ ያጣ መካኒክ የሰጌቶ ምላጭ ቢያስገባ አትሳቁበት፤ ውፍረቱ 0.6 ገደማ ስለሆነ ለድሮዎቹ መኪኖች ከግምት ይሻላል። አራተኛ በኤንጂኬ ስያሜ መካከል ያለችው ‹‹አር›› ውስጡ ሬዚስተር እንዳለ ትናገራለች፤ ሬዲዮ እንዳይረብሽ፣ በአዲሶቹ መኪኖች ደግሞ ኮምፒውተሩ እንዳይታወክ ነው። ፋብሪካው ‹‹አር›› ካለ ያለ ‹‹አር›› አትግዙ።

ኢሪዲየምና ፕላቲነም የሚባሉት ውዶች ጉልበት አይጨምሩም፤ ዕድሜ ነው የሚጨምሩት። ተራው 20 ወይም 30 ሺሕ ኪሎ ሜትር ሲያገለግል እነሱ እስከ 100 ሺሕ ሊደርሱ ይችላሉ። በካርቦራተር ችግር በየወሩ ለሚጠቁር መኪና ግን ኢሪዲየም መግዛት ገንዘብ ማጥቆር ነው። ፎርጂዱንም ተጠንቀቁ፤ ጽሑፉ የተዛነፈ፣ ጫፉ መሐል ያልዋለ ካንዴላ በርካሽ ቢገኝም ውድ ነው።

የወጣውን አሮጌ ካንዴላ ደግሞ አትጣሉት፣ አንብቡት። ደረቅ ጥላሸት ከሆነ ቤንዚን በዝቷል። ዘይት ከነካው ፋሻው ተበልቷል። ነጭ ሆኖ ከቋጠረ ሞተሩ ከልክ በላይ ግሏል። ጤነኛው መልክ ምን ይመስላል? ቡናማ! ጅማ ላይ ለዚህ ማብራሪያ የሚፈልግ ሰው ያለ አይመስለኝም።

የመጨረሻዎቹ ሻማዎች

መንግሥት በጥር 2016 ዓ.ም በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አስታውቋል። ኤሌክትሪክ መኪና ካንዴላ የለውም። ስለዚህ ‹‹ካንዴላ ሊሞት ነው፣ ምን አደከመህ?›› ልትሉኝ ትችላላችሁ።

እኔ የሚታየኝ ተቃራኒው ነው። አዲስ የቤንዚን መኪና ካልገባ ያለው መኪና ለብዙ ዓመት መኖር አለበት። ጅማ ላይ ያለችው ኮሮላ፣ አጋሮ ላይ ያለው አሮጌ ቤንዚን መኪና ተተኪ ስለሌላቸው የባለቤታቸው ሀብት ናቸው። የእነሱ ዕድሜ ደግሞ የሚወሰነው አንድ ልጅ ሱቅ በር ላይ ቆሞ ካርቶኑ ላይ ያለውን ቁጥር ማንበብ በመቻሉና ባለመቻሉ ነው። ጣሊያኖቹን አይተው፣ ሰምተው፣ እጃቸውን ተቃጥለው የተማሩት አንጋፋ መካኒኮች ይህን ዕውቀት በቃላቸው ይዘው ኖረዋል፤ እየተመናመኑም ነው። የእነሱን ዕውቀት በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ጽፎ በየጋራዡ ግድግዳ መለጠፍ ስንት ወረቀት ይፈጃል? አንድ ገጽ ይበቃል።

ስሙን በምርኮ አግኝተነዋል። ቁጥሩን ግን ማንም አይሰጠንም፤ አንብበን ነው የምንወስደው።