የተከሰሰው ሕጉ ነበር
የጂዜል ሃሊሚ ሕይወትና ሥራ

በአገራችን የሙግት ባህል «በሕግ አምላክ» ሲባል እንኳን ሰው ወራጅ ውኃም ይቆማል ይባላል። አባባሉ ሕግ የተበዳይ መጠጊያ መሆኑን ያስገነዝባል። ነገር ግን በዳዩ ራሱ ሕጉ ሆኖ ሲገኝ ተበዳይ ወደ ማን ይጮኻል? በፈረንሳይ አገር ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ በሴቶች ጤናና ሕይወት ላይ የደረሰውን በደል የመረመረ ሁሉ ይህን ጥያቄ ማንሳቱ አይቀርም። በችሎት ፊት ቆመው መልስ ከሰጡት መካከል ግንባር ቀደሟ ጠበቃዋ ጂዜል ሃሊሚ ናት። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሃሊሚ ጁላይ 27 ቀን 1927 በቱኒስ አቅራቢያ በምትገኘው ላ ጉሌት ከአይሁድ ቤተሰብ ተወለደች። ቱኒዝያ በዚያን ጊዜ በፈረንሳይ ቅኝ አገዛዝ ሥር ነበረች። ወንድ ልጅ ይጠብቅ የነበረው አባቷ ሴት መወለዷን ለወዳጆቹ ለመናገር አፍሮ ለሳምንታት ደብቆ እንደ ነበር ራሷ ደጋግማ ተርካለች። ገና በልጅነቷ ሴት ስለ ሆነች ብቻ ወንድሞቿን እንድታገለግል በታዘዘች ጊዜ እህል አልቀምስም ብላ አደመች፤ በመጨረሻም ወላጆቿ ተረቱላት። ስለዚህ ሁለት ዓይነት የበላይነትን፣ የቅኝ ገዢውንና የወንዱን፣ በአንድ ቤትና በአንድ መንደር አይታ አደገች ማለት ይቻላል። በፓሪስ ሕግና ፍልስፍና ከተማረች በኋላ በ1949 በቱኒስ የጥብቅና ሥራ ጀመረች፤ ለነጻነት ለሚታገሉ የአገሯ ልጆችም ተሟገተች። በ1956 ወደ ፓሪስ ተዛወረች።

በአልጀሪያ የነጻነት ጦርነት ጊዜ ለብሔራዊ ነጻ አውጪው ግንባር ታጋዮች ጠበቃ ሆና ስትቆም፣ በ1960 የጀሚላ ቡፓሻ ጉዳይ በእጇ ገባ። ይህች ወጣት አልጀሪያዊት ቦምብ አጥምደሻል ተብላ ከታሰረች በኋላ በፈረንሳይ ወታደሮች ተሠቃይታለች፤ ተደፍራለችም። ሃሊሚ ጉዳዩ በአልጀርስ ወታደራዊ ፍርድ ቤት አራት ግድግዳ ውስጥ ተቀብሮ እንዲቀር አልፈቀደችም። ደራሲዋ ሲሞን ደ ቦቩዋር በጁን 1960 «ለ ሞንድ» በተባለው ጋዜጣ ስለ ልጅቷ ጽፋ ሕዝቡን አነቃነቀች። በ1962 ሁለቱ «ጀሚላ ቡፓሻ» የተሰኘውን መጽሐፍ ሲያሳትሙ ሠዓሊው ፒካሶ የልጅቷን መልክ ሥሎ በመጽሐፉ እንዲወጣ ሰጠ። በዚያው ዓመት ጦርነቱን ያቆመው የኤቪያን ስምምነት ሲፈረም ቡፓሻ በምሕረት ተፈታች። ይህ መጽሐፍ ከዐሥር ዓመት በኋላ ማንም ባላሰበው መንገድ ሌላ ችሎት ደረሰ፤ ወደዚያው እንመለስበታለን።

በፈረንሳይ በ1920 የወጣው ሕግ ስለ ወሊድ መከላከያ መቀስቀስን ጭምር ያስቀጣ ነበር። በናዚ ወረራ ዘመን፣ በ1942፣ ፅንስ ማስወረድ በመንግሥት ላይ እንደ ተፈጸመ ወንጀል ተቈጠረ፤ በ1943 ማሪ ሉዊዝ ዢሮ የተባለች ልብስ አጣቢ ለሌሎች ሴቶች ፅንስ አስወርደሻል ተብላ አንገቷ ተቀላ። የወሊድ መከላከያ በሕግ የተፈቀደው በ1967 ነው። በዚህ ሁሉ ጊዜ ፅንስ ማስወረድ አልቀረም፤ የተለየው አደራረጉ ነበር። ገንዘብ ያላት ወደ እንግሊዝ ወይም ወደ ስዊዘርላንድ ተሻግራ በሐኪም ስትረዳ፣ ደኻዪቱ በጓዳ በደም መፍሰስና በመመረዝ ትሞት ነበር፤ ብትተርፍም ፖሊስ ይጠብቃታል።

በኤፕሪል 1971 ሦስት መቶ አርባ ሦስት ሴቶች ፅንስ አስወርደናል ብለው በጋዜጣ ፈርመው ሲወጡ ሃሊሚም ፈረመች። ሕግ አስከባሪ የሆነች ጠበቃ ሕግ ጥሻለሁ ብላ ማመኗ ሥራዋን ሊያሳጣት ይችል ነበር። በዚያው ዓመት፣ ስመ ጥር ያልሆኑትን ፈራሚዎች ያለ ክፍያ የሚከላከል «ሹዋዚር»፣ ማለትም «መምረጥ»፣ የተባለ ማኅበር ከደ ቦቩዋርና ከሥነ ሕይወት ሊቁ ከዣን ሮስታን ጋር አቋቋመች።

ታላቁ ፈተና የመጣው በ1972 በፓሪስ ዳር በምትገኘው ቦቢኚ ነው። የዐሥራ ስድስት ዓመት ልጅ በትምህርት ቤት ጓደኛዋ ተደፍራ አረገዘች። እናቷ በፓሪስ የምድር ውስጥ ባቡር ተቀጥራ ሦስት ሴቶች ልጆቿን ብቻዋን የምታሳድግ ሠራተኛ ነበረች። የወር ደመወዟ 1,500 ፍራንክ ያህል ሲሆን አንድ ሐኪም በምስጢር ለመርዳት 4,500 ፍራንክ ጠየቃት። ስለዚህ በሥራ ባልደረቦቿ አማካይነት ሐኪም ያልሆነች አስወራጅ ፈለገች፤ ልጅቷ በደም መፍሰስ ለሞት ተቃረበች። ከሁሉ የከፋው ግን የደፈራት ልጅ በሌላ ወንጀል ሲያዝ ቅጣት እንዲቀልለት ብሎ ለፖሊስ የጠቆመባት እርሱ መሆኑ ነው። እናቲቱ በመሥሪያ ቤቷ ቤተ መጻሕፍት ስለ ጀሚላ ቡፓሻ የተጻፈውን መጽሐፍ አግኝታ አንብባ ነበርና ጠበቃ ስትፈልግ የሃሊሚን ስም አስታወሰች።

ጠበቃዋ ሁለት መንገዶች ነበሯት። አንደኛው ተከሳሾቹ ይቅርታ ጠይቀው ቅጣቱ እንዲቀልላቸው መለመን፣ ሁለተኛው ሕጉን ራሱን በተከሳሽ ሣጥን ማቆም ነው። ይህ ሁለተኛው መንገድ ለደንበኞቿ አደጋ ስላለው ያለ ፈቃዳቸው ሊሞከር አይገባም ነበር፤ ሴቶቹ ግን ተስማሙ። ልጅቷ በኦክቶበር ወር በዝግ ችሎት በነጻ ተለቀቀች። ኖቬምበር 8 ቀን እናቲቱ፣ ሁለት ባልደረቦቿና አስወራጇ በግልጽ ችሎት ቀረቡ። ሃሊሚ ሳይንቲስቶችን፣ ሐኪሞችንና ደራሲዎችን ለምስክርነት ጠራች። የኖቤል ተሸላሚው ዣክ ሞኖ መሰከረ፤ የካቶሊክ እምነት ተከታይ የሆኑት ፕሮፌሰር ፖል ሚልየ ልጅቷ ወደ እርሳቸው መጥታ ቢሆን ኖሮ ይረዷት እንደ ነበር ተናገሩ። ሃሊሚ በበኩሏ ለዓመታት በጥብቅና ስትሠራ በዚህ ወንጀል ተከሳ የቀረበች የሹም ወይም የባለጸጋ ሚስት አለማየቷን አስረዳች፤ በአራት ሴቶች አካል ላይ ለመፍረድ አራት ወንዶች መሰየማቸውንም ለዳኞቹ አመለከተች።

በተሰጠው ውሳኔ እናቲቱ 500 ፍራንክ በገደብ ተቀጣች፤ ባልደረቦቿ በነጻ ሲለቀቁ አስወራጇ በገደብ የአንድ ዓመት እስራት ተፈረደባት። በወረቀት ላይ ሲታይ ፍጹም ድል አልነበረም። ይሁንና ሕጉ ከዚያ ወዲህ ቆሞ መሄድ ተሳነው። የጤና ጥበቃ ሚኒስትሯ ሲሞን ቬይ ያቀረበችው ረቂቅ በኖቬምበር 1974 በምክር ቤት በ284 ድምፅ በ189 ተቃውሞ አልፎ በጃንዋሪ 1975 ታወጀ። ወጪው በማኅበራዊ ዋስትና እንዲሸፈን የተወሰነው ግን በ1982 በመሆኑ፣ መብቱ ከደኻዪቱ ቤት ለመድረስ ተጨማሪ ዓመታት ወስዶበታል።

ሃሊሚ በዚህ አላበቃችም። በ1978 በኤክስ አን ፕሮቫንስ ለተደፈሩ ሁለት ወጣት ሴቶች ተሟግታ፣ በ1980 መድፈርን በግልጽ ተርጉሞ በከባድ ወንጀልነት ላጸናው ሕግ መንገድ ጠረገች። ከ1981 እስከ 1984 የምክር ቤት አባል ነበረች። ጁላይ 28 ቀን 2020 በዘጠና ሦስት ዓመቷ ዐረፈች። በማርች 2024 ፈረንሳይ ፅንስ የማቋረጥ ነጻነትን በሕገ መንግሥቷ ውስጥ አሰፈረች።

የዚህች ሴት ታሪክ በተለይ ብዕርና ቡርሽ ለያዝን ሰዎች የሚነግረን ነገር አለ። የአንዲት አልጀሪያዊት እስረኛ ሥቃይ ተጽፎ ባይቀመጥ ኖሮ የቦቢኚዋ እናት የምታስታውሰው ስም ባልኖራት ነበር። መጽሐፉን በሠራተኞች ቤተ መጻሕፍት መደርደሪያ ላይ ያኖረው ሰው ለማን እንደሚደርስ አላወቀም። ጽሑፉ ግን ዐሥር ዓመት ጠብቆ፣ የሚያስፈልጋት ሴት እጅ ገባ።