ያረጀ ጄት ማን ይጠብቀዋል?

ጥር 21 ቀን 2016 ዓ.ም. ጣሊያን «ፀሐይ»ን በይፋ ያስረከበች ቀን ፌስቡካችን በአንዲት ትንሽ አውሮፕላን ፎቶ ተጥለቅልቆ እንደነበር ታስታውሳላችሁ። በ1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በጀርመናዊው ሉድቪግ ቬበር መሪነት፣ በኢትዮጵያውያን ሠራተኞች እጅ ተሠርታ በንጉሠ ነገሥቱ ልጅ በልዕልት ፀሐይ ስም የተጠራች ናት። ወረራው መጣ፣ ጣሊያኖች ማርከው ወሰዷት፣ ከሮም ወጣ ብሎ ባለው የአየር ኃይላቸው ሙዚየም ተቀመጠች። ዘጠና ዓመት ሊሞላት ትንሽ ሲቀር ተመለሰች።

ሁላችንም ደስ ብሎን ነበር፣ እኔም ሼር አድርጌያለሁ። ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። ፀሐይ እስከ ዛሬ የቆየችው እኛ ስለጠበቅናት አይደለም እኮ። የጠበቃት የማረካት ነው። እዚሁ ቀርታ ቢሆን ሞተሯ ለወፍጮ፣ ብረቷ ለአንጥረኛ አይሆንም ነበር ብሎ የሚምል አለ?

ከዚያ ወዲህ ስለ ያረጁ አውሮፕላኖች ማንበብ ልማዴ ሆኗል። በተለይ ስለ መጀመሪያዎቹ ጄቶቻችን። ተማሪዎቼን «የኢትዮጵያ የመጀመሪያዋ ጄት መቼ መጣች?» ብዬ ጠይቄያቸው ከክፍሉ አንድም እጅ አልወጣም። አይፈረድባቸውም፣ በመማሪያ መጽሐፉ ውስጥ የለማ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ የተመሠረተው ታኅሣሥ 12 ቀን 1938 ዓ.ም. ነው፣ ከአሜሪካኑ ቲ.ደብሊው.ኤ. ጋር በተደረገ ስምምነት። የጀመረው ከጦርነቱ በተረፉ አምስት ሲ-47 አውሮፕላኖች ነበር። ሲ-47 ማለት የዲሲ-3 የወታደር ልብስ የለበሰው ወንድም ነው። የመጀመሪያው በረራ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. በአስመራ በኩል ወደ ካይሮ ሆነ። እነዚህ ባለ ፕሮፔለር አውሮፕላኖች ሣር ሜዳም ላይ ስለሚያርፉ አገር ውስጥ መንገድ ያልደረሰበት ሁሉ ገቡ። ያኔ የባሌ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ የነበረችው ጎባም ከመዳረሻዎቹ አንዷ ነበረች።

ጎባ ውስጥ አንድ አዛውንት አሉ፣ ስማቸውን አልጠቅስም። «ኦቦ፣ ያኔ ሲያርፍ ምን ይመስል ነበር?» ብዬ ጠየቅኳቸው። ሳቁ። «በርሲሳ፣ እኛ ልጆች ሥራችን ከብት ማባረር ነበር። ድምፁ ከተራራው ጀርባ ሲሰማ ከብቱን ከሜዳው እናስወጣለን። ካረፈ በኋላ ደግሞ እኛን የሚያባርር ዘበኛ ይመጣል» አሉኝ። ይኼንን የትም ወረቀት ላይ አታገኙትም።

ወደ ጄቱ ልመለስ። አየር መንገዱ ሁለት ቦይንግ 720ቢ ሲያዝ አንድ ትልቅ ችግር ተደቀነ፣ ልደታ። ዛሬ «ኦልድ ኤርፖርት» የምንለው ሰፈር ስሙን ያገኘው ከዚያ ነው። የልደታ መንደርደሪያ ለጄት አጭር ነበር፣ ማስረዘሚያ ቦታም አልነበረውም። ለዚህ ነው ቦሌ የተሠራው። በሌላ አነጋገር፣ ዛሬ ቦሌ ብለን የምንጠራው ሕይወት ሁሉ፣ ካፌውም ፎቁም መንገዱም፣ አንዲት ጄት ቦታ ስለጠበባት የመጣ ነው ብል ብዙም አልዋሸሁም።

እዚህ ላይ ለደጋ ሰው የሚገባ ፊዚክስ አለ። አዲስ አበባ 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። በዚያ ከፍታ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለሉ በሩብ ያህል ያንሳል። አየሩ ሲሳሳ ክንፉ የሚይዘው ያንሳል፣ ሞተሩም የሚተነፍሰው ያንሳል፣ ስለዚህ አውሮፕላኑ ለመነሳት ረዘም ያለ ሜዳ በፍጥነት መሮጥ አለበት። ከቆላ መጥቶ የእኛን ዳገት የሚወጣ እንግዳ እንዴት እንደሚያለከልክ አይታችኋል አይደል? ሞተርም እንደዚያው ነው። 720 የትልቁ የ707 አጠር፣ ቀለል ያለች እህት ናት። «ቢ» የሚለው ፊደል ደግሞ ፊት ለፊታቸው ትልቅ ማራገቢያ የተገጠመላቸው አዲስ ሞተሮች አሏት ማለት ነው፤ ለመነሻ የበለጠ ጉልበት ይሰጣሉ፣ ነዳጅም ይቆጥባሉ። ለአዲስ አበባና ለአስመራ ዓይነት ደጋ ይቺ ምርጫ በእውቀት የተመረጠች ነበረች።

አውሮፕላኖቹ በ1955 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት ገቡ። ጥር 7 ቀን 1955 ዓ.ም. የናይሮቢው መስመር ከዲሲ-6 ወደ ጄት ተቀየረ።

አንድ ነገር ሳልል ግን አላልፍም። ጄቷ አገልግሎት በጀመረችበት በዚያው የፈረንጆች 1963 ነው የባሌ ገበሬ ዐመፅ የተነሳው። በመሬትና በግብር የተማረረ ገበሬ፣ እነ ዋቆ ጉቱ የመሩት፣ እስከ ፈረንጆች 1970 የዘለቀ ትግል። ቦሌ ላይ ጄት፣ ባሌ ላይ ጠመንጃ። ስለ ጄቷ ክብር ስናወራ ይኼኛውን የምንረሳ ከሆነ ታሪክ ሳይሆን ማስታወቂያ ነው የምንሠራው። ሁለቱም የአንድ አገር ታሪክ ናቸው፣ እኔም ሁለቱንም አንድ ክፍለ ጊዜ ውስጥ ነው የማስተምረው።

ጄቶቹስ ምን ሆኑ? ከመጀመሪያዎቹ ሁለቱ አንዷ፣ የምዝገባ ምልክቷ ኢቲ-ኤኤጂ፣ በፈረንጆች ጥር 9 ቀን 1968 ቤይሩት ላይ ስታርፍ ተሰባብራ በእሳት ተበላሸች። ደግነቱ ሰው አልሞተም። አየር መንገዱ ሌሎች 720ዎች ጨምሮ ለዓመታት ሠራባቸው። ከዚያ 767 መጣች። ግንቦት 24 ቀን 1976 ዓ.ም. አዲሷ 767 ከዋሽንግተን አዲስ አበባ ሳታርፍ 12,082 ኪሎ ሜትር በረረች፤ በዚያን ጊዜ ለባለ ሁለት ሞተር የመንገደኛ ጄት ክብረ ወሰን ነበር። አዲሷ ስትመጣ አሮጊቷ ትሸኛለች። አየር መንገድ ንግድ ነው፣ ሙዚየም አይደለም፤ ያረጀ ጄት ይሸጣል፣ አለዚያ ለመለዋወጫ ይፈታል፣ የቀረው በኪሎ ይሄዳል። በዚህ አየር መንገዱን አልወቅስም። ሥራው አይደለማ።

ታዲያ የማን ሥራ ነው? በሌላው ዓለም ብዙ ጊዜ የጡረተኞች ነው።

በጣም የወደድኩት የሎንግሪች ታሪክ ነው። ሎንግሪች አውስትራሊያ መሀል፣ ከባሕር የራቀች፣ 3,000 ሰው ገደማ የሚኖርባት የከብት አርቢዎች ከተማ ናት። ከሮቤ ታንሳለች! የአውስትራሊያው አየር መንገድ ካንታስ በልጅነቱ ካደገባቸው ቦታዎች አንዷ ስለሆነች እዚያ ሙዚየም አለ። ካንታስ በፈረንጆች 1959 የተረከባት 707 ተሸጣ፣ ከእጅ ወደ እጅ ዞራ፣ የሳዑዲ ልዑል የግል አውሮፕላን ሁሉ ሆና በመጨረሻ እንግሊዝ አገር ሳውዝኤንድ የሚባል ኤርፖርት ላይ ተጥላ ተገኘች። ጡረታ የወጡ የካንታስ መሐንዲሶችና መካኒኮች ሻንጣቸውን ይዘው እንግሊዝ ሄዱ። በወጣትነታቸው የሠሩበትን ሞተር በሽምግልናቸው እንደገና ፈቱት። ለወራት ሠርተው በ2006 መጨረሻ (በፈረንጆች) አስነስተው አውስትራሊያ አገቧት፣ በ2007 ሎንግሪች አረፈች። እስቲ አስቡት፣ ያቺ አውሮፕላን የእኛዋ 720 የእናት ልጅ ናት።

ሲያትል ውስጥ ደግሞ የመጀመሪያዋ ቦይንግ 727 አለች። በፈረንጆች 1991 ለሙዚየም ተሰጠች፣ በጎ ፈቃደኞች 25 ዓመት ደከሙባት። ሃያ አምስት! ሥራው ሲጀመር የተወለደ ልጅ ሲያልቅ ዲግሪ ይዟል። መጋቢት 2 ቀን 2016 (አሁንም በፈረንጆች) ተነስታ ሩብ ሰዓት ያህል ብቻ በረረች፣ ከአንዱ ሜዳ ወደ ሌላው። ለዚያች ሩብ ሰዓት ነው ያ ሁሉ ዓመት። 727ን የእኛም አየር መንገድ ለብዙ ጊዜ ተጠቅሞበታል።

«እነሱማ ሀብታም ናቸው» የሚል እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ስለዚህ ፓኪስታንን ልጥቀስ። የፓኪስታን አየር መንገድ 720ቢዎቹ ሲያረጁ ሁለቱን ለካራቺና ለላሆር ፕላኔታሪየሞች ሰጠ። ልጆች ኮከብ ሊያዩ ይመጣሉ፣ ግቢው ውስጥ ጄቷን ያገኛሉ። መብረር አያስፈልጋትም፣ ቆማ ታስተምራለች። ከተሠሩት 154ቱ 720ዎች የመጨረሻዋ የበረረችው ግን ካናዳ ነው። እስከ 2010 ድረስ የሞተር መሞከሪያ ሆና ስታገለግል ቆይታ በፈረንጆች ግንቦት 2012 ትሬንተን ወደሚባል ከተማ ሙዚየም በራሷ ክንፍ ሄዳ ተቀመጠች። እሷ ካረፈች በኋላ በዓለም ላይ የሚበር 720 የለም።

ሥራው ራሱ ምን ይመስላል? እንደሚመስለን ቀለም መቀባት አይደለም። የቆመ አውሮፕላን ትልቁ ጠላቱ ውኃ ነው። ዝናብ በስንጥቁ ገብቶ ከወለሉ ሥር ይተኛል፣ አሉሚኒየሙ ከውስጥ ነጭ ዱቄት እየሆነ ይበላል፣ ከውጭ ስታየው ግን ደህና ነው። ቀጥሎ ወፍ አለ፤ ሞተሩ አፉ ካልተሸፈነ ጎጆዋን ትሠራበታለች። አይጥ ሽቦ ትበላለች። ጎማው አንድ ቦታ ላይ ተጭኖ ከቆየ ቅርፁን ያጣል። ነዳጅና ዘይት ካልተቀዳለት ያንጠባጥባል። ፀሐይ መስኮቱን ታደበዝዛለች። ይኼ ሁሉ መጥረጊያና ትዕግሥት፣ ሸራና መሰላል የሚፈልግ ሥራ ነው። ለማብረር ካሰባችሁ ግን ሌላ ነገር ይመጣል፣ ወረቀት። እያንዳንዱ ዕቃ መቼ እንደተቀየረ፣ ማን እንደፈረመበት የሚያሳየው መዝገብ ከጠፋ ብረቱ አዲስ ቢሆንም አይበርም። እንደ ታሪክ አስተማሪ ይቺ ነገር በጣም ደስ ትለኛለች። ቁስ ያለ መዝገብ ዋጋው ግማሽ ነው ብዬ ለልጆቹ ስለፈልፍ ኖሬ፣ መካኒኮቹም እንደዚያ ማለታቸው!

እጅ የለንም እንዳትሉኝ ደግሞ። እኛ የሮቤ ሰዎች ነን። መኸር ሲደርስ ሞተ የተባለ ኮምባይነር ጋራዥ ገብቶ በሦስተኛው ቀን ስንዴ ሲያጭድ ያየን ሰዎች። መለዋወጫው ከጠፋ ከሌላ አሮጌ ይፈታለታል፣ ካልተገኘም ቶርኖ ቤት ይቀረጽለታል። ሲያትል ያሉት ሽማግሌዎች ለ727ቷ ያደረጉት በሐሳብ ደረጃ ይኼው ነው፤ አንዲት ሌላ 727 ለመለዋወጫ ተሰጥታቸው እየፈቱ አሟሉ። በአገር ደረጃም አየር መንገዱ የራሱ የመካኒክ ትምህርት ቤት አለው፣ ከሌላ የአፍሪካ አገር እየመጡ የሚማሩበት። ሙያው እንግዳ አይደለም።

የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። 720ዎቹ ሲገቡ በ20 ዓመቱ የተቀጠረ መካኒክ ዛሬ 80 አልፎታል። ዲሲ-3 ጎባ ላይ ሲያርፍ ከብት ያባረረ ልጅም እንደዚያው። ካንታስ ጡረተኞቹን ያገኘው ገና ቁልፍ መያዝ በሚችሉበት ዕድሜ ነው። እኛ የምንቸኩልበት ምክንያት ብረቱ አይደለም፤ ብረትስ ከካራቺም ሊታይ ይችላል። የመጀመሪያዋ ጄት ቦሌ ስታርፍ መሬት ላይ ሆኖ የተቀበለ ሰው፣ ሞተሩን የትኛው ብሎን እንዳስቸገረው የሚያስታውስ ሰው፣ እሱን ግን ካራቺ አታገኙትም።

ስለዚህ በዚህ ሴሚስተር ከተማሪዎቼ ጋር አንድ ነገር ጀምረናል። ትንሽ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ በሁለት በሁለት ሆነው ጎባና ሮቤ ያሉ አረጋውያንን በስልክ ይቀዳሉ። ጥያቄዎቹ ስድስት ናቸው፣ ከነሱ መካከል «አውሮፕላኑ ምን ይዞ መጣ? ምን ይዞ ሄደ?» የሚለው ነው ብዙ መልስ ያመጣው። በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም እንጽፋለን። እስካሁን አሥራ አንድ ሰው ተቀድቷል። አንደኛው ከቀረጻው ሦስት ሳምንት በኋላ አረፉ፣ ቤተሰባቸው ድምፃቸውን ከእኛ ወስደዋል።

አሁን የምፈልገው ይኼን ነው። የድሮው የጎባ ማረፊያ ሜዳ የሚታይበት ፎቶ፣ የድሮ ቲኬት፣ የጭነት ደረሰኝ፣ የአየር መንገድ ቦርሳ ቤቱ ያለው ሰው፣ እባካችሁ ኦሪጅናሉን ለማንም አትስጡ፣ ለእኔም ቢሆን። በብርሃን አስቀምጣችሁ በስልክ አንሱትና በኢንቦክስ ላኩልኝ፤ ከጀርባው ጽሑፍ ካለውም ጀርባውን አንሱ። በ720 ወይም በ727 ላይ የሠራ አባት፣ አጎት፣ ጎረቤት ያላችሁ አዲስ አበባ ያላችሁ ወዳጆቼ ደግሞ ስማቸውን ኮሜንት ላይ ሳይሆን በውስጥ አድርሱኝ። እሳቸው ከፈቀዱ በስልክ እንቀዳለን፣ ካልፈቀዱም ሰላምታችንን አድርሱልን።