አዋጁ ሳይወጣ በፊት

በ1974 ዓ.ም. በወሎ አማራ ሳይንት የተወለደችው የትነበርሽ ንጉሤ የዐይኗን ብርሃን ያጣችው በ5 ዓመቷ ነው። በዚያ ዘመን ብዙ ሰው ይህን እንደ እርግማን ያየው ነበር። እናቷና አያቷ ግን ትማር አሉ። ሻሸመኔ በሚገኘው የዐይነ ስውራን ትምህርት ቤት ገባች፤ ኋላም አዲስ አበባ፣ በዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ከዐይናማ ልጆች ጋር ተማረች። ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በሕግ ተመርቃ፣ በ2010 ዓ.ም. ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት አገኘች።

የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲው የወጣው በ1986 ዓ.ም. ነው። ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞችን መብት ስምምነት ያጸደቀችው ደግሞ በ2002 ዓ.ም. ነው። ሁለቱ ሴቶች ሁለቱንም ቀድመዋል።

ውድ እህቶች፣ ዛሬ ሕጉ አለ። ልጁን እጁን ይዞ ለምዝገባ የሚወስደው ግን አሁንም እናት፣ አያት ወይም ጎረቤት ናት። ከፒያሳ ጀርባም ሆነ ኮምቦልቻ፣ ከሰው ዐይን የተሸሸገ ልጅ ካለ፣ የእናቱን ደጅ እናንኳኳ። ደጋፊዎቻችንም ለብሬል ወረቀትና ለትራንስፖርት ብትደርሱልን፣ ልጁ ከመንገድ አይቀርም።